ያገለገለ ዕቃ ትርፉ የት ላይ ነው?

ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ፣ አጽድቶና ጠግኖ በቴሌግራም መሸጥ ትርፍ እንዳለው አልጠራጠርም፤ እኔም ከወር ደመወዜ ውጭ የማገኘው ገንዘብ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ነገር ግን ስለ ትርፉ የሚነገረውና እኔ ያየሁት አይገናኝም። ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ሐሳባቸው ሁሉ በግዢው ላይ ነው፤ ርካሽ ዕቃ የሚገኝበትን ሰፈር ካወቁ ሌላው በራሱ የሚሄድ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን አንድ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ስልክ ላይ በፎቶውና በጽሑፉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ገዥው በአካል መጥቶ፣ ዕቃውን አገላብጦ፣ ሰክቶና ከፍቶ፣ አንዳንዴም የሚያውቀውን ባለሙያ አስከትሎ ሲያየው እንደገና ይሸጣል። ፎቶ ብቻ አይቶ ገንዘብ የሚልክ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ እንዲልክም አልመክርም። ትርፉ የሚጸናውም ሆነ የሚፈርሰው በዚህ በሁለተኛው ሽያጭ ላይ ነው፤ ገዥው በፎቶው ያላየውን ጉድለት በአካል ሲያገኝ ወይ ዋጋ ይሰብራል፣ ወይ ትቶ ይሄዳል፤ በሁለቱም መንገድ ኪሳራው የሻጩ ነው።

ቀን ቀን ስታዲየም አካባቢ ባለ ቢሮ ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ የዕቃውን ሥራ የማከናውነው ማታ ማታና ቅዳሜና እሑድ ነው። የምሸጠውም የተወሰነ ነገር ነው፦ የእግርና የእጅ ስፌት መኪና፣ የድሮ ሬዲዮና ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻና የሙዚቃ ሸክላ፣ የአማርኛ ታይፕራይተር፣ እንዲሁም ከዋንዛና ከዝግባ የተሠሩ ቡፌዎች፣ ቁም ሳጥኖችና ኮመዲኖዎች። ዝርዝሩ ከፍቅር የመጣ አይደለም። አንድን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው ይህን የሚጠግን ባለሙያ በዚህ ከተማ አለ ወይ፣ መለዋወጫውስ እዚሁ ይገኛል ወይ ብዬ ነው። ለምሳሌ አሮጌ የሲንጀር ስፌት መኪና ዕድሜው ከባለቤቱ ቢበልጥም ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚጠቀሙት መርፌ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ያለውን ተራ መርፌ ነው፤ አካሉ ላይ የተመታው መለያ ቁጥርም ማሽኑ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ስለሚናገር ሻጩ «የአያቴ ነው» ቢለኝ ባይለኝም ዕድሜውን ማወቅ እችላለሁ። በአንጻሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጣ፣ በውስጡ የኤሌክትሮኒክ ካርድ እንጂ የሚፈታ ብሎን የሌለው የቡና ማሽን ምንም ያህል ቢያምር አልነካውም፤ ሲበላሽ የሚሆነው የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ገበያው ባለፉት ዓመታት የሰፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ አዲስ ዕቃ ዋጋ ይህን ተከትሎ ሲወጣ፣ ቀደም ሲል አሮጌ ዕቃ ማየት የማይወድ ሰው ሳይቀር ያገለገለውን መጠየቅ ጀመረ። ያገለገለ ዕቃ ዋጋ የአዲሱን ዋጋ እያየ የሚሄድ ቢሆንም የሚከተለው ዘግይቶ ነው፤ ባለቤቱ ዕቃውን የገዛበትን የድሮ ዋጋ አእምሮው ውስጥ ይዞ ስለሚቆይ፣ አዲሱ እጥፍ በሆነበት ወቅት እንኳ አሮጌውን በቀድሞው ሒሳብ ይገምታል። ነጋዴው የሚያተርፈው በዚህ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ የሚገኘው ደግሞ ከሰው አለማወቅ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች እንደምገልጸው፣ ሁልጊዜ በደስታ የምቀበለው ነገር አይደለም።

ዕቃ ከማገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ሐራጅ ነው። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች የሚያስወግዷቸውን ንብረቶች በአዲስ ዘመንና በሌሎች ጋዜጦች ማስታወቂያ አውጥተው ይሸጣሉ፤ ተጫራቹ ሰነድ ይገዛል፣ ማስከበሪያውን በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዛል፣ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያስገባል። የሐራጅ ችግር ዕቃው በጅምላ መሸጡ ነው፤ ደህና የሆኑትን ሦስት ጠረጴዛዎች ለማግኘት እግራቸው የተሰበረ የወንበሮች ክምርም አብሮ መውሰድ ግድ ይሆናል፤ ያሸነፈ ሰው ደግሞ በተወሰነለት ቀን ውስጥ ካላነሣ ችግር ውስጥ ይገባል። ማከማቻ ለሌለው ሰው ሐራጅ አይመከርም። ታይፕራይተር ግን ከሐራጅ ሌላ እምብዛም የትም አይገኝም፤ ዛሬ የሚገዙት ለመጻፍ ሳይሆን ለማስጌጫ የሚፈልጉ ካፌዎችና ሬስቶራንቶች ስለሆኑ ፊደሎቹ ሁሉ ባይመቱም ይሸጣል። ለሚጽፍበት ሰው የምሸጥ ከሆነ እያንዳንዱን ቁልፍ መትቼ የወጣውን ወረቀት ከማሽኑ ጋር አያይዤ አስረክባለሁ።

ሌላው ምንጭ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች ናቸው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ፣ በተለይ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሰኔና በሐምሌ፣ ቤት ሙሉ ዕቃ ሸጠው የሚሄዱ ቤተሰቦች አይታጡም። ዕቃው ንጹሕ ነው፤ ባለቤቶቹም ቀኑ ሲደርስባቸው ዋጋ አያከርሩም። እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ መብቱ ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥ የሚጠየቅበት ስለሆነ፣ ዋጋ ያለው ዕቃ ከሆነ ወረቀቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውም እርሱ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ የሚደጋገምበት መጠን) ሲሆን ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ለውኃ ማፍያ ወይም ለአምፑል ይህ ምንም አይደለም። የመብራቱን ኸርዝ ተከትሎ የሚሽከረከር ሞተር ያለው የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ግን እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያስተካክለው ከሞተሩ ላይ ያለውን መዘውር በሌላ መቀየር ነው፤ ይህን የሚቀርጽ ባለሙያ ካላገኘሁ አልገዛውም። ስለዚህ ከአንድ ዕቃ ላይ በመጀመሪያ የማነበው የድርጅቱን ስም ሳይሆን ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ነው።

መርካቶ ምን አለሽ ተራ የምሄደው ለመግዛት ሳይሆን ለመጠገን ነው። የቡፌ ማጠፊያ፣ የድሮ ቁልፍ፣ የሬዲዮ ማዞሪያ፣ ከሌላ ማሽን የተፈታ እግር፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ብሎን ሁሉ እዚያ አለ። የጎደለውን ዕቃ ናሙና ይዞ መሄድ እንጂ በቃል ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው።

የእንጨት ዕቃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የምወደውም የሚያስቸግረኝም እርሱ ነው። በድሮ ጊዜ ከተማችን ውስጥ የተሠሩ ቡፌዎችና ቁም ሳጥኖች አብዛኛዎቹ ሙሉ እንጨት ናቸው፤ ዛሬ በየሱቁ ያለው ግን ተፈጭቶ በሙጫ የተጣበቀ ኤምዲኤፍ ሲሆን አንድ ጊዜ ውኃ ከነካው አብጦ ይቀራል። ዋንዛን በቫርኒሽ ሥር መለየት ከባድ አይደለም፤ መሳቢያውን አውጥቶ ቀለም ያልነካውን የውስጥ ጎን ማየት፣ ክብደቱንም በእጅ መመዘን በቂ ነው። ቀጥሎ የማየው ነቀዝ ነው። ቀዳዳ መኖሩ ብቻ አያስፈራኝም፤ አሮጌ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን በቡጢ መታ መታ አድርጌ ከቀዳዳው አዲስ ዱቄት ከወረደ ግን ነፍሳቱ ገና ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነውና ወደ ማከማቻዬ አላስገባውም፤ አንድ የታመመ ኮመዲኖ ጎረቤቶቹን ሁሉ ያስይዛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልክ ነው። ብዙ ገዥዎቼ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ አብዛኛዎቹ የቀድሞዎቹ ሕንፃዎች ባለ አራት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የላቸውም፣ ደረጃቸውም ጠባብ ነው። ሰፊ ቡፌ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ማለፍ አቅቶት ተሸካሚዎቹ ከላይና ከታች ሆነው ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው፣ ርዝመትና ወርድ ሳይጻፍ ማስታወቂያ አይለቅም። እኔ ገዥው ከመምጣቱ በፊት የደረጃውን መታጠፊያ በሜትር ለክቶ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ይገርማቸዋል፤ ለክተው ሲመለሱ ግን ብዙዎቹ ያመሰግኑኛል።

ይህ ሁሉ የእንጨት ዕቃ ከየት መጣ የሚል ካለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን የመሀል ከተማውን ታሪክ ማየት ነው። በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ ምክንያት መጀመሪያ ፒያሳ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ ሰፈሮች ሲነሡ፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ግቢ የኖሩ ቤተሰቦች ከከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞችና ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደዋል። ቤቱ ሲጠብ ትልቁ ቡፌ ይቀራል። በዚያ ሰሞን ዕቃ የሚገዙ ሰዎች በየግቢው ሲዞሩ ነበር፤ እኔም አንዷ ነበርሁ። አንዲት እናት፣ ከዋንዛ የተሠራ ባለ መስታወት ቡፌያቸውን ሲያሳዩኝ «ልጄ፣ ያልሽውን ስጪኝና ውሰጂው፤ መኪናው ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ዋጋ መቁረጥ ነጋዴነት ነው ብሎ የሚከራከር ሊኖር ይችላል፤ እኔ አልተመቸኝም። የሚጣደፍ ሰው የሚናገረው ዋጋ ለጥድፊያው እንጂ ለዕቃው የተሰጠ ዋጋ አይደለም። «እማማ፣ አሁን ከእርስዎ አልገዛውም፤ ወስጄ እሸጥልዎትና ከሽያጩ ድርሻዬን እወስዳለሁ፣ እስከዚያው ይህን ያህል ቀብድ ልስጥዎት» አልኋቸው። ልጃቸው ተጠራጠረ፤ መጠራጠሩም ትክክል ነበር። ስለዚህ ዕቃው በፎቶ፣ ውሉም በሁለት ቅጂ በወረቀት ሆኖ፣ የመታወቂያዬን ኮፒ ትቼላቸው፣ ጎረቤት ምስክር ፈርሞ ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ከቤት የሚወጣ ትልቅ ዕቃ አብዛኛውን በዚህ መንገድ ነው የማስተናግደው፤ ከተሸጠበት ዋጋ 15 በመቶ እወስዳለሁ፣ የጭነቱንና የጥገናውን ወጪ ደግሞ አስቀድመን በውሉ እንጽፈዋለን። ይህን ስናገር እንደ ምጽዋት የሚቆጥርብኝ አለ፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ዕቃውን ብገዛው ገንዘቤ ለወራት ቡፌ ሆኖ ይቀመጣል፤ በኮሚሽን ስይዘው ከቀብዱ በስተቀር ካፒታሌ አይታሰርም፣ ባይሸጥም የምከስረው ድካሜን ነው። በተጨማሪም ባለቤቱ የሽያጩ ዋጋ ስለሚነገረው ዘመዱንና ጎረቤቱን ይልክልኛል። በመካከል ያለው ደላላ የሚኖርበት ምክንያትም ይጠፋል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ የሚከተለውን ስሌት አስቀድሞ በወረቀት ላይ ቢያወርድ ይጠቅመዋል። በ6,000 ብር ተገዝቶ በ10,000 ብር የሚሸጥ ቁም ሳጥን አለ እንበል። በአፍ ሲነገር ትርፉ 4,000 ብር ነው። ለፒክአፕ 1,000 ብር፣ ለጫኝና አውራጅ 600 ብር፣ በሩን ላስተካከለው አናጢ 700 ብር፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለቫርኒሽ 500 ብር ሲወጣ 1,200 ብር ይቀራል። ገዥው ሲከራከር 500 ብር ከተቀነሰለት የተረፈው 700 ብር ነው፤ በዚህ ላይ በእጅ የተጠረገበት፣ የተቀባበትና በስልክ የተመለሰበት ጊዜ ገና አልታሰበም። ያው 700 ብር ከአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ቢገኝ ግን ዕቃዋ በፌስታል ተይዛ በታክሲ ስለምትሄድ ወጪ የላትም ማለት ይቻላል። ከላይ ካሉት ወጪዎች ሁሉ የማይገመተው የጫኝና አውራጅ ነው። በአንዳንድ ሰፈር ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ የተደራጁ ወጣቶች ይመጡና ከመኪናው ኪራይ የሚበልጥ ዋጋ ይጠራሉ፤ ራሴ ላውርደው ቢባል እንኳ አይፈቅዱም። እኔ የተማርሁት መኪናውን ከማስነሣቴ በፊት ወደ ሰፈሩ ሄጄ፣ ወጣቶቹን «ወንድሞቼ» ብዬ ሰላም ብዬ፣ ዋጋውን ጨርሼ መመለስ ነው።

ወደ ፎቶውና ወደ ጽሑፉ ልመለስ፤ ሁለተኛው ሽያጭ የሚቀልለው እዚህ ነውና። የቴሌግራም ቻናሎችን የሚያይ ሰው በየቦታው የሚያነበው «ስላይትሊ ዩዝድ»፣ «በጣም ፍሬሽ»፣ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ነው። እነዚህ ቃላት ለገዥው አንዳች ነገር አይነግሩትም፤ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት እንዳይናገር ግን መሸሸጊያ ይሆኑታል። የእኔ ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦ «ሲንጀር የእግር ስፌት መኪና፣ ይሠራል። ቺንጊያው አዲስ ነው። የጠረጴዛው ቀኝ ጠርዝ ተልጧል፣ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ይታያል። የግራው መሳቢያ ቁልፍ የለውም። የጠረጴዛው ርዝመትና ወርድ ሦስተኛው ፎቶ ላይ በሜትር ተለክቶ ይታያል።» ዋጋውም እዚያው ይጻፋል። የመጀመሪያው ፎቶ ዕቃውን በሙሉ ያሳያል፤ ሁለተኛው ጉድለቱን በቅርበት ያሳያል። ፎቶ የማነሣው ጠዋት በመስኮት በሚገባ ብርሃን ነው፤ ማታ በአምፑል የተነሣ ቫርኒሽ ሁሉ ቀይ ይመስላልና ገዥው በቀን ሲያየው የተታለለ ይመስለዋል። ጉድለትን አስቀድሞ መጻፍ የደዋዩን ቁጥር እንደሚቀንስ አውቃለሁ። የሚመጣው ሰው ግን ጉድለቱን ተቀብሎ የሚመጣ ነው፤ አሥር ሰው ደውሎ ሁለቱ ከሚመጡና ሁለቱም ከሚመለሱ፣ ሦስት ሰው ደውሎ አንዱ መጥቶ ቢገዛ ይሻለኛል።

የዋጋ ክርክሩም የሚመራው በዚሁ ነው። «እህቴ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» የማይል ገዥ የለም፤ ባይልም ይከፋኛል፣ የቸገረው ይመስለኛል። ስለዚህ ለክርክር የሚሆን ትንሽ ቦታ ትቼ እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ድርድሩ የሚያልቀው በስልክ ነው። በማስታወቂያው የተጻፈውን ጉድለት አንሥቶ በአካል ዋጋ ማስቀነስ እንደማይቻል አስቀድሜ በትሕትና እናገራለሁ፤ ያልጻፍሁት ጉድለት ከተገኘ ግን ያለ ክርክር እቀንሳለሁ። ይህ ስምምነት ሁለታችንንም ያሳርፈናል። ትንንሽ ኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የማሳየው አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ሶኬት ባለበት ካፌ ነው፤ ማኪያቶ ካዘዝን አስተናጋጆቹ አይከፉም። መብራት በጠፋበት ቀን ቀጠሮውን እሰርዛለሁ፤ «ቤትዎ ሲሰኩት ይሠራል» ብሎ መሸጥ ጠብ መግዛት ነው።

ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ መሆኑ ሥራውን አቅልሎታል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ ብር ተሸክሞ መዞር ነበረብን። አደጋው የተሠራ ስክሪንሾት ነው። ክፍያ መፈጸሙን የሚያሳይ ምስል በስልክ ላይ ለመሥራት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክትም ይላካል። እኔ የሰውን ስልክ አላይም፤ የራሴን ሒሳብ ከፍቼ ገንዘቡ መግባቱን ካላየሁ ዕቃው ከእጄ አይወጣም። ኔትወርክ ከተቋረጠ ሁለተኛ ማኪያቶ እናዛለን።

የማልሸጣቸውን ነገሮች ምክንያት በአጭሩ ልግለጽ። ያገለገለ ስልክ ከሁሉ ፈጥኖ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን የማን እንደነበረ ማረጋገጥ ይከብዳል፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። ካርቶኑና ደረሰኙ ያለው፣ በኮከብ መሰላል 06 መሰላል የሚወጣው ቁጥር ከካርቶኑ ጋር የሚገጥም ካልሆነ በቀር ማንም እንዲገዛ አልመክርም። ልባሽ ጨርቅ ጥሩ ትርፍ እንዳለው አያከራክርም፤ ሆኖም አሮጌ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ ከቦንዳ የሚወጣው አብዛኛው በኮንትሮባንድ የገባ ነው፤ ከዚያ ጋር የሚመጣውን ስጋት ትርፉ አይከፍለኝም። ፍራሽና ሶፋ የማልነካው በትኋን ምክንያት ነው። ስፌቱን ገልጦ፣ ጥቋቁር ነጠብጣቦችን ፈልጎ ማየት ይቻላል፤ ቢሆንም ያልታየች አንዲት ትኋን የገዥውን ቤት ስትበክል የሚመጣውን የቅሬታ ስልክ የሚያካክስ ትርፍ የለም።

የሸክላ ነገር ከሌላው ሁሉ ይለያል። አምሃ ሪከርድስ በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎችና የካይፋ ሪከርድስ ሥራዎች በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ከፍተኛ ዋጋ አላቸው፤ ይህን የሰሙ ሰዎች ቤታቸው ያለውን ማንኛውንም ሸክላ እንደ ወርቅ ይዘው ይመጣሉ። ዋጋውን የሚወስነው ግን ይዞታው ነው። ለዓመታት ያለ ልባሱ በጠረጴዛ ላይ ሲጎተት የኖረ፣ መርፌው ሲያልፍበት እንደ ዝናብ የሚንጫጫ ሸክላ የዘፋኙ ስም ምንም ቢሆን ብዙ አያወጣም። አጋድሞ መደራረብና ፀሐይ ላይ መተው ሸክላውን ያጎብጠዋል፤ ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። እኔ የምሸጠው እዚሁ ከተማ ላሉ አድማጮች ነው፤ ከውጭ ክፍያ መቀበል ለግለሰብ አስቸጋሪ ከመሆኑም በላይ፣ ቢቻልም እንኳ እዚሁ የሚሰማው ሰው እንዲያገኘው እመርጣለሁ። የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀልና መሰል ነገሮች ሲመጡልኝ ግን እመልሳቸዋለሁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ «ከአያቴ የወረስሁት ነው» ብሎ የሚያመጣው ሰው እውነቱን ይሁን ከየት እንዳመጣው የማጣራበት መንገድ የለኝም፣ ገዥውም ወዴት እንደሚወስደው አላውቅም።

ስለ ፈቃድ የሚጠይቁኝ አሉ። የራስን ሶፋ ሸጦ መግላገል ንግድ አይደለም፤ ለመሸጥ ብሎ ዘወትር መግዛት ግን ንግድ ነው፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ደግሞ ንግድ የሚሠራ ሰው ተመዝግቦ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። መሸጫው ሱቅ ሳይሆን ቴሌግራም መሆኑ ይህን አይለውጠውም። እኔ ቲን ቁጥር አውጥቼ የተመዘገብሁት ከሐራጅ ለመግዛት ስለተጠየቅሁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ካፌዎችና ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚፈልጉ ከግለሰብ የማላገኛቸውን ገዥዎች አምጥቶልኛል። ግብሩን ከፍሎ የሚቀረው ትርፍ ትንሽ ነው የሚል ሰው፣ መጀመሪያውኑ ትርፉን በአፍ እንጂ በወረቀት አላሰላም።

ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሦስት ቀን መመለሻ እሰጣለሁ። ገዥው ቤቱ ወስዶ ካልሠራለት ያመጣዋል፤ ገንዘቡን በመጣበት መንገድ እመልሳለሁ። ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ይህን ያስቀራሉ፦ የ120 ቮልት ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ፣ ወይም ዕቃው ከተፈታ። መፈታቱን ለማወቅ ከጀርባ ባሉት ሁለት ብሎኖች ራስ ላይ ከመሸጤ በፊት የጥፍር ቀለም ጠብታ አደርጋለሁ፤ ብሎኑ ሲዞር ቀለሙ ይሰነጠቃል። ምልክቱን ለገዥው እዚያው ካፌ ውስጥ አሳየዋለሁ፣ በደረሰኙም ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሁለታችንም እንፈርማለን።